በደረት ላይ የምትታሰር ካሜራ፦ ስለ ወላይታ የምስል ታሪክና ስለ አንድ የግዥ ጥያቄ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በወላይታ ሶዶ የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል። በመጨረሻ የተካሄደው ጥያቄና መልስ አልተካተተም።)



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ሦስት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የግዥ መጠየቂያ ቅጽ ሞልተው ወደ ቢሮዬ መጡ። የጠየቁት አንዲት አነስተኛ ካሜራ ነው፤ በመዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ በደረት ወይም በራስ ላይ በማሰሪያ የምትታሰር፣ ውኃና አቧራ የማይበግራት፣ በተለምዶ አክሽን ካሜራ የምትባለው። ስለ ግዥው ምክንያት የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «በካዎ አማዶ ስም የሚጠራውን የድንጋይ ካብ በእግር እየተከተልን፣ ሽማግሌዎች የሚነግሩንን በቦታው ላይ ለመቅረጽ»። ከሥሩ የእኔ ፊርማ ይጠበቃል። እኔ ግን ሳልፈርም ሰነበትሁ።

ገንዘቡ አንዱ ምክንያት እንደ ነበረ አልክድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። 400 የአሜሪካ ዶላር የሚያወጣ ካሜራ ከዚያ ቀን በፊት በነበረው የባንክ ተመን ሲሰላ 23 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ40 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ለአንድ ትምህርት ክፍል ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በዚህ ገንዘብ ምን ያህል ተማሪ ለመስክ ሥራ ሊወጣ እንደሚችል በዚህ አዳራሽ ያሉ መምህራን ሁሉ ያውቁታል።

እጄን የያዘኝ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የታሪክ መምህር እንደ መሆኔ፣ ይህ ጥያቄ ከካሜራዋ ዕድሜ በላይ የቆየ መሆኑ ታየኝ። ወደ ወላይታ ካሜራ ይዘው የመጡ ብዙዎች ናቸው፤ ያነሡት ምስል ዛሬ የት አለ? በምስሉ ላይ ያሉት ሰዎችስ ስማቸው ማን ነበር? ተነሡ እንጂ ለመነሣት ተጠይቀው ነበርን? ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ካሜራ እያነሰ በሄደ ቁጥር መቅረጽ ቀላል ሆኗል፤ ማስፈቀድና ማስቀመጥ ግን አልቀለሉም፤ እንዲያውም ከብደዋል። ስለዚህ «እንግዛ ወይስ አንግዛ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት የሚመለሱ ሁለት ጥያቄዎች አሉ።

1. ከዘመቻ ጋር የመጣ ካሜራ

በኢትዮጵያ ምድር ካሜራ በስፋት ሥራ ላይ ከዋለባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ የመቅደላ ዘመቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የእንግሊዝ መሐንዲሶች የፎቶግራፍ ክፍል ዘምቶ ነበር። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት አድካሚ ሥራ ነበር። መስተዋቱ በኬሚካል ተቀብቶ ገና ሳይደርቅ ምስሉ መነሣት፣ ወዲያውም በጨለማ ድንኳን ውስጥ መታጠብ ነበረበት። ካሜራው፣ መስተዋቱ፣ ድንኳኑና መድኃኒቱ ሁሉ በጋማ ከብት ይጫናል። የሚነሣውም ሰው ምስሉ እስኪያዝ ድረስ ሳይነቃነቅ መቆም ነበረበት። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1887 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ወላይታ ዘመቱ። የዘመቻውን ታሪክ በዚህ አዳራሽ ለተቀመጠ ሰው መተረክ አያሻኝም። ካዎ ጦና ተዋግተው፣ ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ብዙ ሰውና ከብት ተነዳ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው ይህን ዘመቻ ከዘመኑ መስፋፋት እጅግ ደም ካፈሰሱት መካከል ይቆጥሩታል።

ከንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ጋር አንድ ወጣት ፈረንሳዊ ነበር፤ ጋስቶን ቫንደርሄም ይባላል። ወታደር አልነበረም፤ የንግድ ወኪል ነበር። ካሜራ ነበረው። ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1896 ከምኒልክ ጋር ስለ ዘመተበት ጉዞ በፓሪስ አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም ራሱ ባነሣቸው ፎቶግራፎች መሠረት በተዘጋጁ ሥዕሎች የታጀበ ነው። ካሜራ ይዘው ወደ ወላይታ ከገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ፣ እንግዲህ፣ የገባው ከዘማች ጦር ጋር ነው።

ፍርዳችን ችኩል እንዳይሆን አንድ ነገር ልጨምር። ቫንደርሄም ያየውን አላስዋበም። የጭፍጨፋውን አስከፊነት የምናውቀው በከፊል እርሱ ስለ ጻፈው ነው፤ ምስክርነቱ ለታሪክ ጸሐፊዎች ዋጋ ያለው ሆኖ ቆይቷል። ከዘማቹ ጋር የመጣ ዐይን ሁሉ የዘማቹን ሐሳብ ብቻ ያያል ማለት አይቻልም።

ሆኖም የዚያን ዘመቻ ሦስት ትረካዎች ጎን ለጎን አስቀምጡና ተመልከቱ። የመጀመሪያው ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የምኒልክ ዜና መዋዕል ነው፤ ከቤተ መንግሥት ወገን ሆኖ ይተርካል። ሁለተኛው የቫንደርሄም መጽሐፍ ነው፤ ከመንገደኛ ተመልካች ወገን ሆኖ ይተርካል። ሦስተኛው በወላይታ ሽማግሌዎች አንደበት ያለው ነው። ሁለቱ ታትመው በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛው ዛሬም በአብዛኛው በአንደበት ላይ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማን ጻፈው፣ ማንስ ወረሰው የሚለውን አይነግረንም። ተማሪዎቼ ካሜራ የጠየቁት ይህን ሦስተኛውን ትረካ ለመያዝ ነው። ጥያቄያቸውን ቀላል አድርጌ ላየው ያልቻልሁት በዚህ ምክንያት ነው።

2. ምስሉ ሄደ፣ ስሙ ቀረ

ከቫንደርሄም በኋላ የመጡት ካሜራዎች ዓላማቸው የተለያየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ወላይታ የደረሱት የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን በውጭ ላሉ ደጋፊዎቻቸው የሚልኩት ምስል ያስፈልጋቸው ነበር። በወረራው ዘመን የፋሺስት ኢጣሊያ መንግሥት ሉቼ በተባለው የፊልም ተቋሙ አማካይነት ካሜራን የስብከት መሣሪያ አድርጎ ኢትዮጵያን ቀረጸ። ከነፃነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ በፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮቤኒየስ ተቋም ተመራማሪዎች፣ አይከ ሃበርላንድን ጨምሮ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰፊ ጥናት አድርገው ብዙ ፎቶግራፍ አነሡ። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዳሞታ ተራራ ተዳፋት ላይ በሚገኘው የሞቸና ቦራጎ ዋሻ መጀመሪያ ፈረንሳውያን፣ ኋላም በአሜሪካና በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ አርኪዎሎጂስቶች ቆፈሩ፤ እስከ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሚወስድ የሰው ልጅ አሻራም አገኙ። እያንዳንዱን የአፈር ንብርብርም በፎቶግራፍ መዘገቡ።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ሚዛን አልመዝንም። ወራሪ የቀረጸውና አጥኚ የመዘገበው አንድ አይደለም። በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ፤ አንድ የሶዶ ተማሪ የአያቶቹን ምስል ማየት ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ መንገዱ ወደ ፓሪስ፣ ወደ ሮም፣ ወደ ፍራንክፈርት ይመራዋል። ዛሬ በኢንተርኔት የሚገኙ አሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም በምስሉ ግርጌ በብዛት የምናነበው «የወላይታ ሰው»፣ «ሴት ከእንስራ ጋር»፣ «ገበያ» የሚል ነው። የአንሺው ስም አለ፤ የተነሺው ስም የለም።

ከዚህ ጋር የማነጻጽረው ሌላ የካሜራ ታሪክ አለን፤ እርሱም የፎቶ ቤት ታሪክ ነው። በአዲስ አበባ የተጀመረው ከቤተ መንግሥት ነው። በምኒልክ ዘመን የመጡት አርመናዊ ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው፣ የነገሥታቱ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ኋላ ግን ፎቶ ቤት በየከተማው ተከፈተ፤ እኛም ከተማ ገባ። ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው አስቦበት ይሄዳል። ልብሱን ይመርጣል፤ ባል ከሚስቱ፣ ጓደኛ ከጓደኛው ጋር ተቀጣጥሮ ይመጣል። ሥዕል በተቀባ መጋረጃ ፊት ይቆማል፤ «ዝግጁ?» ሲባል ትንፋሹን ይይዛል። ይከፍላል፤ ምስሉን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከጀርባው ቀኑና የሁለት ሰዎች ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል። በዚህ በወላይታ ትልቁ የምስል ቤተ መዛግብት በየቤቱ አልበም ውስጥ ያለው ይመስለኛል። በዚያ ክምችት ውስጥ ስሙ የማይታወቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሳይጠየቅ የተነሣም የለም።

ስለዚህ ከታሪካችን ሁለት የካሜራ ልማዶችን ወርሰናል። አንደኛው ያነሣል፣ ይዞም ይሄዳል። ሁለተኛው በስምምነት ያነሣል፣ ምስሉንም ለባለቤቱ ይሰጣል። አሁን ልትገዛ የታሰበችው ካሜራ የትኛውን ትከተላለች?

3. ያነሰው ምንድን ነው?

የካሜራ ታሪክ በአንድ በኩል የማነስ ታሪክ ነው። በመቅደላ ዘመን በቅሎ ያስፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን በእጅ የሚያዝ ካሜራ ለገበያ አቀረበ፤ በውስጡ ለ100 ፎቶግራፍ የሚበቃ ጥቅልል ፊልም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው ላይካ በካፖርት ኪስ የሚገባ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ጎፕሮ የተባለው ኩባንያ በማዕበል ላይ ለሚንሸራተቱ ስፖርተኞች በእጅ አንጓ የሚታሰር ካሜራ አወጣ፤ ያም ገና ፊልም የሚጎርስ ነበር። ዛሬ አክሽን ካሜራ የምንላት ከዚያ ዘር የመጣች ናት።

በዚህ ሁሉ ያነሰው ዕቃው ብቻ አይደለም። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁን ነጥብ አሁን አንሡ። በመስተዋት ዘመን የሚነሣው ሰው ሳይነቃነቅ መቆም ነበረበት፤ ስለዚህም እየተነሣ መሆኑን ያውቃል። ቢያስገድዱት እንኳ ያውቃል። ፎቶ ቤት የሄደውማ ራሱ ፈልጎ ነው። በደረት ላይ የታሰረች ካሜራ ግን ማንንም «ቁም» አትልም። ዐሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ አነጋጋሪውም ተነጋጋሪውም ይረሷታል። ጠቀሜታዋ ይህ ነው፤ ሰው በተፈጥሮ አኳኋኑ ይናገራል። አደጋዋም ይኸው ነው። ካሜራ ሲያንስ አብሮ ያነሰው የስምምነት ጊዜ ነው።

ስለ ዕቃዋ ጠባይም ጥቂት ልበል፤ ግዥ ነውና። ሌንሷ በጣም ሰፊ ስለ ሆነ ሁሉን ታቅፋለች፤ ነገር ግን ሩቁን ታሳንሳለች፣ ዳርና ዳሩን ታጎብጣለች። አርኪዎሎጂስቶች በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ላይ መለኪያ ዘንግና የሰሜን ቀስት የሚያኖሩት ዐይን እንዳይታለል ነው፤ በዚህች ካሜራ ለተነሣ ምስል ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ያስፈልጋል። ምስሉን ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ስለምታነብ፣ እየሮጡ ወይም እየተንቀጠቀጡ ሲያነሡባት ቀጥ ያለው ነገር ይጣመማል። ማይክሮፎኗ ነፋስ ባለበት ደካማ ነው። ባትሪዋ በተከታታይ ሲቀረጽባት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው። እነዚህ ነውሮቿ አይደሉም፤ የተሠራችው ለማዕበልና ለብስክሌት ነው። ለሽማግሌ ንግግር አልተሠራችም።

4. የራሴ ጥፋት

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርሁትም። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ወዳጄ እንዲህ ያለች ካሜራ ተውሼ ከካቡ አንዱን ክፍል ለማየት ወጥቼ ነበር። መሪያችን በሰማንያዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስማቸውን እዚህ አልጠራም። ዱንጉዛቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ሄዱ። ከመነሣታችን በፊት ደረቴ ላይ ያለችውን ካሜራ ተመልክተው በወላይትኛ ጠየቁኝ፦ «ይህች አሁን እያየች ነው?» «አዎን» አልኋቸው። «የምታየውን ለማን ትነግራለች?» «ለተማሪዎቼ» አልኋቸው። ሳቁ፤ ፈቀዱም።

ሦስት ሰዓት ያህል ተጓዝን። በሩ የነበረበትን ቦታ አሳዩን፤ ካቡን ለመሥራት ሰው ከየት ከየት እንደ ተጠራ፣ ድንጋዩ በማን ትከሻ እንደ መጣ አባታቸው የነገሯቸውን ነገሩን። መንገድ ላይ ከአንድ ማሳ ደረስን፤ ካቡ የሁለት ቤተሰብ ድንበር ሆኗል። በድንበሩ ላይ ስላለው አለመግባባት፣ ማን ድንጋዩን እንዳነሣ፣ ማን ዝም እንዳለ መናገር ጀመሩ። ድንገት ዐይናቸው ደረቴ ላይ አረፈ። አቋረጡ። «ይህንንም ሰማች?» አሉኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላቸው አላወቅሁም፤ እኔም ረስቻት ነበር።

ማታ ቅጂውን ስከፍት ያገኘሁት ይህ ነው። ካሜራዋ የምታየው ደረቴ የሚያየውን ስለ ሆነ አብዛኛው ምስል የሽማግሌው ጀርባ ነው። በበትራቸው ወደ በሩ ቦታ ሲጠቁሙ እኔ ለመጻፍ ጎንበስ ብዬ ነበርና ካሜራዋ የያዘችው ማስታወሻ ደብተሬን ነው። ትከሻዬ ላይ ይደርስ የነበረው ካብ በሰፊው ሌንስ ተሳስቶ ጉልበት የሚደርስ መስሏል። የከሰዓቱ ነፋስ ድምፃቸውን ሸፍኗል። ይሁንና ጆሮ ሰጥቶ ለሚሰማ ከግማሽ በላዩ ይለይ ነበር። «ነበር» ያልሁት በምክንያት ነው፤ ሜሞሪ ካርዱን ሳልገለብጥ መሳቢያዬ ውስጥ ተውሁት፤ በሳምንቱ ለሌላ ሥራ አውጥቼ አጸዳሁት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ተጠያቂ የለም።

ሽማግሌው በቀጣዩ ክረምት ዐረፉ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው የአበው አነጋገር ለመስማት የሚከብድ ነው፤ በለቅሷቸው ላይ ተቀምጬ ግን ከልቤ አልወጣም። ከዚያ ቀን የቀረኝ በእጄ የጻፍሁት አራት ገጽ ማስታወሻ ነው። ልብ በሉ፤ ካሜራዋ ከያዘችው ሁሉ የተረፈ የለም፤ ብዕር የያዘው ግን አለ።

5. ሕጉና ዱቡሻው

«ሽማግሌው ፈቅደው የለምን?» የሚለኝ ይኖራል። በሕግ ዐይን ብዙም ችግር ላይኖር ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥም ይከለክላል። በአንቀጽ 28 ደግሞ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ ለተደረጉ ሥርዓቶች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ተማሪዎች እንዲያነቡት እመክራለሁ።

እኛ ግን ከሕጉ የቆየ መለኪያ አለን። ወላይታ በዱቡሻ የሚነገረውንና በጓዳ የሚነገረውን ለይቶ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ዱቡሻ ላይ የተናገረ ሰው ብዙዎች እንደሚሰሙት አውቆ፣ ቃሉን መዝኖ ይናገራል። የጊፋታ በዓል በአደባባይ ሲከበር የሚታየውም እንዲሁ ለሁሉ የተገለጠ ነው። ያ ሽማግሌ ስለ ካቡ ሲነግሩኝ በዱቡሻ እንዳሉ ሆነው ነበር፤ ስለ ድንበሩ ሲነግሩኝ ግን እንደ ልጃቸው ቆጥረውኝ በጓዳ ነበር። ካሜራዋ ይህን ልዩነት አታውቅም። ሊያውቅ የሚገባው የታጠቃት ሰው ነው። ያ ቅጂ ባይጠፋና ስለ ድንበሩ የተናገሩት ወጥቶ ቢሰማ ኖሮ፣ ዛሬ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ምን ያስከትል እንደ ነበር አስባለሁ።

6. ሒሳቡ

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በከፍተኛ ጥራት፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የምትቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ትሞላለች። ተማሪዎቹ 12 ቀን በመስክ ቆይተው በቀን 2 ሰዓት ቢቀርጹ 24 ሰዓት ነው፤ 1,080 ጊጋባይት ይሆናል። የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች እንደሚመክሩት ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱንም በሌላ ቦታ እናኑር ብንል ከ3 ቴራባይት በላይ ያስፈልገናል። ጥራቱን ቀንሰን በሰከንድ 30 ሜጋቢት ብንቀርጽ ያው 24 ሰዓት 324 ጊጋባይት ብቻ ይይዛል፤ ሦስቱም ቅጂ ከ1 ቴራባይት አያልፍም። ለምርምራችን ይህ ጥራት ይበቃል።

ከዲስኩ በላይ ውድ የሆነው ደግሞ የሰው ጊዜ ነው። በእኔ ልምድ የአንድ ሰዓት ወላይትኛ ንግግርን በጽሑፍ መገልበጥ ከስድስት ሰዓት አያንስም፤ ወደ አማርኛ መመለሱ ሌላ ነው። ለ24 ሰዓት ቅጂ፣ በቀን ስድስት ሰዓት ለሚሠራ ሰው፣ 24 የሥራ ቀን ማለት ነው። ይህ በግዥ ቅጹ ላይ አልነበረም። ካልተገለበጠ ግን ቅጂው ካለመኖሩ ብዙ አይለይም፤ ማንም 24 ሰዓት ተቀምጦ የሰው ጀርባ አይመለከትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገርሞኛል። ካሜራዋ ስትገዛ ንብረት ክፍል በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋታል፤ መለያ ቁጥር ይለጠፍባታል፤ ተማሪው ሲወስዳት በሞዴል 22 ፈርሞ ይወስዳል። ብትጠፋ ተጠያቂ አለ። የሽማግሌው ቃል ግን በየትኛው ሞዴል ገቢ ይሆናል? እኔ ያን ካርድ ሳጸዳ የጠየቀኝ የለም፤ ሊጠይቀኝ የሚችልም መዝገብ አልነበረም። ለዕቃው ያለን ሥርዓት ዕቃው ለያዘው ነገር የለንም።

7. አለመግዛትም ውሳኔ ነው

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ «አትግዙ» ወደሚል መደምደሚያ የሚያመራ ሊመስል ይችላል። ብዙ ቀን እኔም እንዲያ አስቤ ነበር። ያሰብሁትን የለወጠው ተማሪዎቹ ያሉኝ ነገር ነው። «መምህር፣ እርስዎ እስኪወስኑ ድረስ ካቡ አይጠብቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረደረ የተሠራ ካብ ለማፍረስ ቀላል ነው፤ ለቤት መሠረትና ለአጥር የሚሆን ድንጋይ የሚፈልግ ገበሬ በጎኑ ያለውን ቢያነሣ አይገርምም። በጎረቤታችን በዳውሮ የንጉሥ ሃላላ ካቦች በአገር ደረጃ ስማቸው ታውቋል፤ የእኛዎቹ ገና እንዲያ አልታወቁም። ሽማግሌዎቹም በየክረምቱ እየተለዩን ነው። ጥንቃቄ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ስም የዘገየ ታሪክ ጸሐፊም እንደ እኔ ካርድ ያጸዳል፤ ልዩነቱ ቀስ ብሎ ማጽዳቱ ነው።

«ሁሉም ተማሪ ስልክ አለው፤ ለምን በስልኩ አይቀርጽም?» ያሉኝ ባልደረቦችም አሉ። ሐሳቡ ከባድ ነው፤ ለብዙ ሥራም ስልክ ይበቃል። ሆኖም በተማሪ የግል ስልክ የተቀረጸ ቃል ከልደት ፎቶግራፍና ከቴሌግራም ቪዲዮ ጋር ተቀላቅሎ ይቀመጣል፤ ስልኩ ሲሸጥ አብሮ ይሸጣል። የተቋም ንብረት የሆነ ካሜራ ቢያንስ የተቋሙን ኃላፊነት ያስከትላል። በድንጋያማ ገደል ላይ ሁለት እጅን ነፃ አድርጎ ለመሄድም ደረት ላይ የምትታሰረው ትሻላለች።

ስለዚህ ቅጹን መለስሁላቸው፤ እንደገና አብረን ሞላነው። ካሜራ አንድ። ሃርድ ዲስክ ሁለት፤ አንዱ በትምህርት ክፍሉ፣ ሌላው በቤተ መጻሕፍቱ የሚቀመጥ። አነስተኛ የድምፅ መቅጃ አንድ፤ ከሽማግሌው ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን ያለው። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አንድ። በመጨረሻም አንድ ወፍራም መዝገብ ደብተር። ገንዘቡ እንዲበቃ የካሜራዋን ዓይነት ዝቅ አደረግን፤ ያለፈው ዓመት ሥሪት ለካብ አያንስም።

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተስማማንባቸውን ጻፍን። ካሜራዋ ደረት ላይ የምትታሰረው መንገዱንና ካቡን ለመቅረጽ ብቻ ነው፤ ሰው ሲናገር ትወርዳለች፣ በማቆሚያ ላይ በፊቱ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ ተናጋሪው እንደ ጥንቱ የፎቶ ቤት ሰው ካሜራ ፊት መሆኑን ያውቃል። የተናጋሪው ስም፣ ቀበሌውና ቀኑ፣ ስሙ እንዲጠራ መፍቀዱ ወይም አለመፍቀዱ በዚያው ዕለት ይጻፋል። ቅጂው በዚያው ማታ ይገለበጣል፤ ሁለት ቦታ ሳይቀመጥ ካርዱ አይጸዳም። ሥራው ሲያልቅ ተናጋሪው የራሱን ቃል መልሶ ይሰማል፤ «ይህን አውጡልኝ» ካለ ይወጣል። አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ይሰጣል። የመጨረሻውን ያከለችው ከሦስቱ ተማሪዎች አንዷ ናት፤ «ቫንደርሄም ያልሰጠውን እኛ እንስጥ» አለች።

ይህን ካየሁ በኋላ ፈረምሁ። ፕሮፎርማው ተሰብስቧል፤ ግዥው በሂደት ላይ ነው። ካሜራዋ ስትመጣ በሞዴል 19 ገቢ ትሆናለች። ደብተሩ ግን አስቀድሞ ተገዝቷል፤ ቢሮዬ ውስጥ ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በራሴ እጅ፣ የመጀመሪያውን መዝገብ አስገብቻለሁ፦ የዚያን ሽማግሌ ስም፣ የተጓዝንበትን ቀን፣ አራቱን ገጽ ማስታወሻና «የድምፅና የምስል ቅጂው በመዝጋቢው ጥፋት ጠፍቷል» የሚል አንድ መስመር። የድንበሩን ነገር አልጻፍሁም። ማስታወሻውን ገልብጬ ለልጆቻቸው ወስጄላቸዋለሁ።